ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን ይሄዳል

በዚህ ዓለም ለመፍረድ እጅግ የሚያስቸግረው ነገር ፈጽሞ የተበላሸው ወይም ፈጽሞ ደኅና የሆነው አይደለም። የተበላሸው ይጠገናል ወይም ይጣላል፤ ደኅናውም ይሠራበታል። የሚያስቸግረው እየሠራ የሚያቃስተው ነው። የሚያቃስት ሰው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ሕመሙን ሊናገር ይችላል፤ የሚያቃስት ሞተር ግን «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ቢሉት የሚመልሰው ያንኑ ድምፁን ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በሁለት መንገዶች መካከል ቆሞ ያስባል፤ ይታደስ ወይስ ይነዳ?

ይህ ጥያቄ ተራ የጋራዥ ወሬ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ አንድ ቀን በማለዳ ወደ ጀሞ ብቅ ብሎ ነገሩን በዐይኑ እንዲያይ፥ ይልቁንም በጆሮው እንዲሰማ እንመክረዋለን። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጀሞ፥ አንድ፣ ሁለትና ሦስት እየተባለ በሚጠራው የጋራ መኖሪያ ቤት ሠፈሩ ብዙ ሕዝብ ያቀፈ ነው። ጎሕ ሲቀድ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ሠራተኛውም ወደ መሥሪያ ቤቱ ለመድረስ ሚኒባስ ታክሲ ይጠብቃል። ታክሲዎቹም በመካኒሳና በሳር ቤት አድርገው ወደ ሜክሲኮ ሲወጡ፥ አንዱ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ሌላው እንደ ስፌት መኪና ይንጣጣል፤ ሦስተኛውም ብርድ እንደ መታው ሽማግሌ ያስላል። ሁሉም ግን ይሄዳሉ። በያንዳንዱም ላይ የሹፌሩ፣ የረዳቱና የባለንብረቱ ቤተሰብ እንጀራ ተጭኗል፤ ፈተና ያለባት ተማሪና ባለጉዳይ የሚጠብቀው ወጣት ሹምም ተሳፍረዋል። እንግዲህ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ያለ እንደሆነ፥ የሚቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም።

ጥያቄውን ከወትሮው ያከበደው ሌላም ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫው በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና፥ የዶላር መውጣት ወደ ሶማሌ ተራ መድረሱ አልቀረም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ፥ በምትካቸውም በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እንዲገቡ መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ በፊት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጥሎ ነበር። ይህ ሁሉ ሲደመር፥ ዛሬ በእጃችን ያለው የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር በቀላሉ የማይተካ፥ ተጠብቆ መኖር የሚገባው ንብረት ሆኗል ማለት ነው። እንግዲያው ያለጊዜው መክፈቱም ሆነ ጊዜው ካለፈ በኋላ መክፈቱ ከቀድሞው የበለጠ ያስከፍላል።

በዚህ ነገር ላይ ሰዉ በሁለት ወገን ተከፍሎ ሲከራከር እንሰማለን። አንደኛው ወገን «እስከ ሄደ ድረስ አትንኩት» ባይ ነው። የሚሄድን ሞተር መክፈት ሰላም ያለውን ቤት ማወክ ነው ይላል፤ «ጎመን በጤና» የሚለውንም ምሳሌ ይጠቅሳል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ድምፅ ካመጣ ይውረድ» ይላል፤ ይኸውም ሞተሩ ከመኪናው ወርዶ፥ ተፈትቶና ታድሶ ይመለስ ማለቱ ነው። ምሳሌውም «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ነው። ሁለቱም ምሳሌዎች የአባቶቻችን ናቸው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ስሕተት የሚመጣው ነገሩን ሳይመረምሩ አንደኛውን መዝዞ በመጥቀስ ነው።

በመጀመሪያ «አትንኩት» የሚለውን ወገን እንይ። በሞተር ውስጥ ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከረው ብሮንዚን በሚባሉት ለስላሳ ብረቶች ታቅፎ ነው። ዳሩ ግን ሁለቱ ብረቶች እንዲነካኩ አይፈለግም፤ በመካከላቸው ስስ የዘይት ንጣፍ አለ። ክፍተቱም ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ጥቂቱን ያህል ብቻ ነው። ብሮንዚኑ ተበልቶ ክፍተቱ ሲሰፋ ዘይቱ ቶሎ እየሾለከ ይወጣል፤ ግፊቱ ይወርዳል፤ ብረትና ብረትም ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ከሞተሩ ሆድ ወፍራም፥ መዶሻ የመሰለ «ዱቅ ዱቅ» ይሰማል፤ ጭነት ሲበዛና አቀበት ሲወጣም ይብሳል። በዚህ ሰዓት መኪናው ቢቆም፥ ዕድል የቀናው ሰው ብሮንዚን ብቻ ለውጦ ይገላገላል። ጥቂት ቀን ቢነዳ ክራንክሻፍቱ ይቧጠጥና ወደ ቶርኖ ቤት ተልኮ መጠረብ ይኖርበታል። ከዚያም ወዲያ ቢነዳ የፒስተኑ ክንድ ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወጪው የጥገና መሆኑ ቀርቶ የቀብር ይሆናል። ይህን ድምፅ እየሰማ «ይሄዳል እኮ» የሚል ሰው የሚነዳው መኪናውን ሳይሆን ኪሳራውን ነው።

«ይውረድ» የሚለው ወገንስ? እርሱም ከስሕተት አላመለጠም። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን ከጀሞ ርቆ የተገኘ፥ ነገር ግን ለማንኛውም ሞተር ባለቤት የሚጠቅም ትምህርት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል የባሕር ጠረፍ ክፍል የጠላትን ሰርጓጅ መርከቦች የሚያድኑ አውሮፕላኖች ነበሩት። አውሮፕላኖቹ በየ50 ሰዓቱ በረራ እየወረዱ ይመረመሩና ይጠገኑ ነበር። ኮንራድ ዋዲንግተን የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ የነበረበት የተመራማሪዎች ቡድን የብልሽቱን መዝገብ ሲያጠና ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። ብልሽት የሚበዛው ምርመራው ሊደርስ ሲል ይሆናል ተብሎ ሲገመት፥ የበዛው ምርመራው በተፈጸመ ማግሥት ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያም ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ እየቀነሰ ይመጣ ነበር። ምክንያቱም ደኅና ሆኖ ይሠራ የነበረው ነገር ሲፈታና ሲገጠም ይዛባ ስለ ነበር ነው።

ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ኖውላንና ሂፕ የተባሉ የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች ለአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ አጠናከረው። ከመረመሯቸው የአውሮፕላን ዕቃዎች ውስጥ ከመቶ 68 ያህሉ የመበላሸት ዕድላቸው ከፍ የሚለው አዲስ በተገጠሙበት ሰሞን ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ይረጋጉ ነበር። እንዲህ ማለት ግን ብረት አይበላም፥ አያረጅምም ማለት አይደለም፤ ብሮንዚንና ፋሻ በርግጥ ይበላሉ። ጥናቱ የሚያስተምረው፥ መክፈት ራሱ አደጋ ያለበት ሥራ ስለሆነ ምክንያት ሊኖረው የሚገባ መሆኑን ነው። አውሮፕላንን ያህል ነገር በንጹሕ ሃንጋር ውስጥ ተፈትቶ ሲገጠም እንዲህ ከሆነ፥ በመንገድ ዳር ነፋስ አቧራ እያመጣበት የሚከፈት የሚኒባስ ሞተር እንዴት ሊሆን ነው? በብሮንዚንና በክራንክሻፍት መካከል የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የአዲሱን ዕቃ ዕድሜ ታሳጥረዋለች። ምክንያት ሳይኖረው ሞተሩን ያስወረደ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ደርሶበታል።

እንግዲህ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። ጩኸት ምስክር እንጂ ፍርድ አይደለም። ምስክር ስለ ጮኸ ብቻ አይፈረድም፤ ምስክር ስለ ደጋገመ ተብሎም ዝም አይባልም። ይጠየቃል። ብልህ ባለመኪናም ከመወሰኑ በፊት ድምፁን አራት ነገር ሊጠይቀው ይገባል፤ ከወዴት ትመጣለህ? መቼ ትመጣለህ? ከትናንት ዛሬ ጨምረሃል ወይ? አብሮህ የመጣስ ማን ነው?

ከወዴት? ጋራዥ የቆየ መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፥ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ አይተን ይሆናል። ይህ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥበት መሣሪያ ያለ ነገር ነው። ከላይ ከቴስታታው አካባቢ የሚመጣ ቀጭን «ጠቅ ጠቅ» ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክፍተት ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር በመሆኑ፥ ድምፁም ከሞተሩ ዙር በግማሽ የዘገየ ነው። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ይህ በቀጭን የብረት መለኪያ ተስተካክሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከፊት በኩል የሚጮኸው ቺንጋው፥ ከሥር የሚያጓራው የተቀደደ ማርሚታ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለማዳን ሞተር ማውረድ ጥርስ ለታመመ ሰው ሆድ እንደ መቅደድ ነው።

መቼ? ጧት ሲነሣ አንኳክቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ፥ ብዙ ጊዜ የፒስተንና የሲሊንደር ክፍተት መስፋት ነው፤ ብረቱ ሲሞቅ ተለጥጦ ክፍተቱን ይሞላዋል። እንዲህ ያለው ሞተር ዘይቱ በጊዜው እየተቀየረለት ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። የሚያሠጋው ተቃራኒው ነው፤ ሲቀዘቅዝ ዝም ብሎ ሲሞቅ የሚያንኳኳው፥ ዘይቱ በሙቀት ሲቀጥን የብሮንዚኑን ክፍተት መሸፈን አቅቶታል ማለት ይሆናል። እንደዚሁም ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወረድ ብቻ ጭነት ላይ የሚንሿሿ የቤንዚን ሞተር አለ። ከፍታው ሲቀንስ አየሩ ይወፍራል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ያለ አግባብ ይነድዳል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የእሳቱን ሰዓት ማስተካከል ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በግፊት ስለሆነ በተፈጥሮው ያንኳኳል፤ በዚህ ሊወቀስ አይገባውም።

ጨምሯል ወይ? ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለናል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማ ሞተርና በሦስት ሳምንት ውስጥ ድምፁ የተለወጠ ሞተር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጠባዩ ነው፤ የሁለተኛው ሕመሙ ነው።

አብሮ የመጣስ ማን ነው? ብቻውን የመጣ ድምፅና ጓደኛ ይዞ የመጣ ድምፅ ይለያያሉ። የዘይት መብራት ከበራ፥ ሰማያዊ ጢስ ከታየ፥ ዘይት በየሳምንቱ ከጎደለ፥ ሙቀቱ ከወጣ ነገሩ ከብዷል። ይህን በግምት ሳይሆን በመለኪያ ማወቅ ይቻላል። የዘይት ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ የመካኒኮች የቆየ ልምድ በየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር ያህል መኖር አለበት የሚል ነው። የሲሊንደሮቹ ግፊትም ይለካል። የተቀየረውን የዘይት ፊልትሮ ቀድዶ ማየትም ብዙ ያስተምራል፤ በውስጡ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ካለ ብሮንዚኑ እየተበላ ለመሆኑ ከድምፁ የበለጠ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው አንድ ማሳሰቢያ ልንጨምር እንወዳለን። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በመኪናው መጽሐፍ ላይ የሲሊንደሩ ግፊት 12 ባር ነው ተብሎ ቢጻፍ፥ ያው ጤነኛ ሞተር ጀሞ ላይ ሲለካ 9 ባር ገደማ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ያላወቀ ባለሙያ መጽሐፉን ገልጦ «ሞተርህ አልቋል» ቢል፥ ፈርዶ የገደለው ጤነኛውን ነው። መፍትሔው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ነው። አራቱም 9 ካሉ መልካም ነው፤ ሦስቱ 9 ብለው አንዱ 5 ካለ ግን በሽተኛው ታወቀ። በቤንዚን ሞተር በዚያ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና ሲለካ ግፊቱ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቩን መጠርጠር ነው። «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ማለት እንዲህ ነው።

ጩኸትን መመርመር እንዲህ ከጠቀመ፥ ዝምታስ ሁልጊዜ ጤና ነው? አይደለም። በብዙዎቹ ሚኒባሶች ላይ ባሉት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል በሚባሉት የቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ክራንክሻፍቱንና የቫልቩን ዘንግ የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ሊቀየር ይገባዋል፤ ይህንንም የሚያስታውስ መብራት ከሹፌሩ ፊት ተሠርቶለታል። ይህ ቀበቶ ሊበጠስ ሲል ብዙ ጊዜ አይጮኽም። በተበጠሰ ጊዜ ግን ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ስለዚህ ስለ ቫልቭ ጠቅጠቅታ እንቅልፍ አጥቶ የቀበቶውን መብራት በጨርቅ የሚሸፍን ሰው፥ ለሚጮኸው ፈርቶ ለሚገድለው በሩን ከፈተ። አሮጌ መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት ሹምም ይህን ይወቅ፤ ሞተር ውስጥ ወፍራም ዘይት ጨምሮ ድምፁን ለጥቂት ቀን ማስተኛት የታወቀ የገበያ ዘዴ ነው። ምስክር አፉ ተይዞ ዝም ቢል ጉዳዩ አልተዘጋም።

ደግሞም ድምፁ ሞተሩን ባይጎዳ ሰውን የሚጎዳ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የተቀደደ ማርሚታ ለሞተሩ ያን ያህል ሥጋት አይደለም፤ ባለቤቱም «ይሄዳል» ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል ሌሊት በ11 ሰዓት ሲነሣ አራት ፎቅ ሙሉ ሕፃን ይቀሰቅሳል፤ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ተማሪንም ከእንቅልፉ ያናጥበዋል። ከዚህም የባሰ አለ። በብዙዎቹ ሃይኤስ ሚኒባሶች ሞተሩ የሚገኘው ከፊት ወንበሮቹ ሥር ነው። የጢስ መውጫው እዚያ አካባቢ የተቀደደ እንደሆነ፥ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛም ጋዝ ወደ ተሳፋሪው ሊገባ ይችላል። እንግዲህ ለሞተሩ የማያሠጋው ድምፅ ለሰው ሕይወት የሚያሠጋ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጩኸት ምርመራውም ሆነ ክርክሩ አጭር ነው፤ ዛሬውኑ ይሠራ።

አሁን ወደ ነገሩ እምብርት እንምጣ። ይህን ሁሉ ማወቅ ብቻውን ለምን አይበቃም ቢሉ፥ ድምፁን የሚሰማው፣ የሚከፍለውና የሚጠግነው ሦስት የተለያዩ ሰዎች በመሆናቸው ነው። ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ያስገባል። መኪናው ጋራዥ በዋለበት ቀን ሹፌሩም ረዳቱም ባዶ እጃቸውን ይገባሉ፤ ስለዚህ ሹፌሩ ድምፁን ሰምቶ እንዳልሰማ ቢሆን አያስገርምም። ባለንብረቱ ገንዘቡን የሚያወጣ ቢሆንም ድምፁን አይሰማም። መካኒኩ ሁለቱንም ያውቃል፤ ነገር ግን ለማዳመጥ የሚከፈለው ጥቂት ሆኖ ለማውረድ የሚከፈለው ብዙ ነው። ሦስቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። አሠራሩ ጆሮን ከኪስ ስለ ለየ ብቻ እውነቱ በመካከላቸው ይጠፋል።

የመንግሥት መኪናስ ከዚህ የተሻለ ነው ወይ? የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር «ጌታዬ፥ ሞተሩ ድምፅ አምጥቷል» ብሎ የጥገና መጠየቂያ ሲያቀርብ፥ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይጓዛል። የሚፈርመው ወጣት ሹም መኪናውን በጆሮው ሰምቶት አያውቅም። ስለዚህ ወይ «በጀት የለም» ብሎ መጠየቂያውን ያስቀምጠዋል፤ ወይም በጀት ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘቡ እንዳይመለስ ብሎ ሙሉ እድሳት ይፈቅዳል። በመጀመሪያው የሚሞት ሞተር ይነዳል፤ በሁለተኛው ጤነኛ ሞተር ይቀደዳል። ሁለቱም ፊርማ አላቸው፤ ሁለቱም ማኅተም አላቸው፤ የሕዝብ ገንዘብ ግን በሁለቱም ጠፋ። ወጣት ሹም ሆይ፥ ከመፈረምህ በፊት አምስት ደቂቃ ወስደህ ወደ ግቢው ውረድ። ሹፌሩ በዕድሜ አባትህ ሊሆን ይችላልና «ጋሼ፥ መቼ ጀመረ? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ?» ብለህ ጠይቀው። መልሱን ጻፍ። ሹመትህ በዚህ አይቀንስም።

የምናቀርበው አሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየመኪናው ውስጥ አንዲት ደብተር ትቀመጥ። ሹፌሩ ዘይት በጨመረ ቁጥር መጠኑንና ኪሎ ሜትሩን ይጻፍባት፤ አዲስ ድምፅ በሰማ ቀንም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሞተሩ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ መሆኑን ያስፍር። የቀበቶውና የዘይቱ መቀየሪያ ጊዜም በዚያው ይመዝገብ። ባለንብረቱና ሹፌሩ ደግሞ መኪናው ለምርመራ የሚውልበትን ቀን ገቢ እንዴት እንደሚካፈሉ አስቀድመው ይስማሙ፤ ያን ጊዜ ሹፌሩ እውነቱን ለመናገር አይፈራም። ለመካኒኩም ለምርመራው ራሱን የቻለ ዋጋ ይከፈለው፤ «ምንም የለበትም፥ ሂድ» ብሎ ገንዘብ የሚያገኝበት መንገድ ካልተከፈተለት «ይውረድ» ማለቱን አይተውም። ለቦሎ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረገው ምርመራ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሞተር ዓመቱን ጠብቆ አይታመምም።

ፍርዱንም በአጭሩ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ከታች የሚመጣ ወፍራም ድምፅ ከዘይት ግፊት ማነስ ጋር ከተገናኘ፥ መኪናው በዚያች ሰዓት ይቁም፤ ወደ ጋራዥም በራሱ ሳይሆን ተጎትቶ ይሂድ። ጢስ ወደ ሰው የሚያስገባ ቀዳዳ ከተገኘ በዚያው ቀን ይደፈን። ጠቅጠቅታው ከላይ ከሆነ፥ ቺንጋው ከጮኸ፥ ማርሚታው ካጓራ፥ ሞተሩ ሳይወርድ ይስተካከል። ድምፁ የቆየና ያልተለወጠ ሆኖ መለኪያው ሁሉ ደኅና ካለ፥ ዘይቱ በጊዜው እየተቀየረ ይነዳ፤ ለእድሳት ሊወጣ የነበረውም ገንዘብ ሳይበላ በባንክ ይቀመጥ፤ አንድ ቀን መፈለጉ አይቀርምና።

ተማሪዎቻችንን የምናሳስበው ነገር አለን። መኪና ከአገራችን ጋር የተዋወቀው በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰይቼንቶ ታክሲ እስከ ላዳ፥ ከላዳ እስከ ሚኒባስ፥ አሮጌ ሞተርን በሕይወት ማቆየት በጋራዦቻችን ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ትልቅ ሙያ ሆኗል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ እያልን የምንጠራቸው ቃላት ከጣልያንኛ ወርደው የኛ ቋንቋ ሆነዋል። ዳሩ ግን ሙያው በአብዛኛው በመካኒኮች ጆሮ ውስጥ ነው ያለው፤ አልተጻፈም። የቴክኒክ ተማሪ በመለኪያው፥ የጋራዡ ሽማግሌ በጆሮው፥ ሁለቱ በአንድ ሞተር ላይ ቢገናኙ አገር ይጠቀማል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና እየበዛ ሲሄድም ይህ ጠባይ ያስፈልገናል። እርሱ እንደ ቀድሞው አይጮኽም፤ ስለዚህ የሚነዳው ሰው ከጆሮው ይልቅ መለኪያንና መዝገብን ማመን ይኖርበታል።

የሚጮኽ ነገር ሁሉ አልሞተም፤ የሚሄድም ነገር ሁሉ ጤነኛ አይደለም። በጀሞ አደባባይ የቆመችው ሚኒባስ ሞተሯ ሲያንኳኳ «ጥገኑኝ» ማለቷ ይሁን «ተዉኝ» ማለቷ የሚታወቀው፥ ወርዶ ያዳመጣት፥ ለክቶ ያወዳደራትና ያየውን የጻፈ ሰው ሲኖር ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ቢከፍትም አይጸጸትም፤ ቢነዳም አይሠጋም።